የሽንኩርት ሴል ለማን ይቀርባል፣ ለእኛ ወይስ ለባክቴሪያ?

ሰላም ለሁላችሁም፣ የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የማምንበትንም አብሬ ልናገር። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አስቁማችሁ ስለ ሴል ዓይነቶች ጠይቁት። ወዲያው ባለ ሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ ያወርድላችኋል። በግራ የዕፅዋት ሴል፣ በቀኝ የእንስሳት ሴል። ግድግዳ አለው፣ የለውም። ክሎሮፕላስት አለው፣ የለውም። ትልቅ ቫኪዮል አለው፣ የለውም። ባክቴሪያስ? ሌላ ገጽ ላይ ነው። እርሾስ? እሱን የሚያስታውሰው የለም።

ባዮሎጂ የማስተምረው እዚሁ ደሴ ነው። ሰንጠረዡ ውሸት ነው አልልም። የሚጀምረው ግን ከመሃል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተክል ነው ወይስ እንስሳ መሆን የለበትም። ሴሉ ኒውክለስ አለው ወይስ የለውም መሆን አለበት።

የሽንኩርት ሴልና የጉንጫችን ሴል የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ዲኤንኤያቸውን በሽፋን በተከበበ ኒውክለስ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ሚቶኮንድሪያ፣ ጎልጂና ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባሉ በሽፋን የተለዩ የውስጥ አካላት አሏቸው። ፕሮቲን የሚሠራላቸው ራይቦሶም 80ኤስ የሚባለው ትልቁ ዓይነት ነው። ባክቴሪያ ጋ ስትሄዱ ግን ኒውክለስ የለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀለበት የሆነው ዲኤንኤ እዚያው ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሚቶኮንድሪያ የለም። ራይቦሶሙ 70ኤስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው። መጠኑም በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ሲሆን የተክልና የእንስሳ ሴል ግን በአብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሽንኩርት ለባክቴሪያ ሳይሆን ለእኛ ነው የሚቀርበው። ይህን ያልያዘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ በቃሉ ለመሸምደድ ይገደዳል። ምን ትላላችሁ?

(ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1። ከሆጤ አካባቢ የጻፈች ተማሪ ናት። በጣም ጨዋ አጻጻፍ ነው፤ አመስግና ነው የጀመረችው። ያስደነገጣት ሽንኩርት ሚቶኮንድሪያ አለው ማለቴ ነው። ደብተሯ ላይ የተጻፈው ክሎሮፕላስት ለተክል፣ ሚቶኮንድሪያ ለእንስሳ የሚል ነውና የቱን ልመን ብላ ጠየቀች።

መልስ 2 የእኔ ነው። ደብተሩን ሳይሆን ሽንኩርቱን እመኚ አልኳት። ክሎሮፕላስት በብርሃን ስኳር ይሠራል። ከዚያ ስኳር ኃይል ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱን በዋናነት የሚሠራው ሚቶኮንድሪያ ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ደግሞም የሽንኩርቱ ሥር አፈር ውስጥ ነው። ብርሃን አያገኝም፣ ክሎሮፕላስት የለውም። ሚቶኮንድሪያ ባይኖረው በምን ይኖር ነበር? ነጩ የሽንኩርት ቅጠልም ክሎሮፕላስት የለውም፤ ላብራቶሪ ውስጥ አዮዲን ጠብ አድርጋችሁ ስታዩት አረንጓዴ ነገር የማይታያችሁ ለዚህ ነው። ክሎሮፕላስት የተክል ሴል ሁሉ ምልክት አይደለም። ይህ ስህተት ከደብተር ወደ ደብተር ሲገለበጥ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

መልስ 3። ከኮምቦልቻ የጻፉ አንጋፋ መምህር ናቸው። በአክብሮት ተቃወሙኝ። ክፍሉ በተማሪ በተጨናነቀበት፣ ማይክሮስኮፑም አንድ ብቻ በሆነበት፣ ልጁ በዓይኑ ከሚያየው መጀመር ግድ ነው ባይ ናቸው። የሽንኩርት ልጣጭና የጉንጭ ሴል በትንሹ ማጉያም ይታያሉ፤ ባክቴሪያ ግን በትልቁ ማጉያ እንኳ ነጥብና ጭረት ብቻ ነው። ታሪኩም በዚሁ መንገድ መሄዱን አስታወሱን። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ አየ። ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፅዋት፣ ሽዋን በ1839 ስለ እንስሳት ሴል ጻፉ። ባለ ኒውክለስና ኒውክለስ አልባ የሚለው ክፍፍል በደንብ የተቀመጠው ግን በስታኒየርና በቫን ኒል ጽሑፍ ነው፤ ያም በ1962 ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ የመጣው ከሳይንሱ ታሪክ ነው አሉ።

ይህ ከክሩ ሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ይመስለኛል። እዚያው ስር የመለስኩላቸው ሁክ ያየው የሞተ ሴል ባዶ ግድግዳ መሆኑን ነው። በታሪክ ቀድሞ የታየ ነገር ሁሉ ቀድሞ መማር ያለበት አይደለም።

መልስ 4 አጭርና ቁጣ ያለበት ነው። ጸሐፊው ማትሪክ ተፈታኝ ይመስላል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሰንጠረዡን የሸመደደ ያልፋል፤ የቀረው ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነው ሐሳቡ። በመልስ 5 ሌላ ልጅ ዘለፈው። ሸምድዶ ያለፈ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ አለው፣ ቃሉም ለስላሳ አልነበረም። እኔ ለሁለቱም የምለው አለኝ። ተፈታኙ ጭንቀቱ እውነት ነው፤ ሊሰደብበት አይገባም። ግን ራሱ ፈተናው ሚቶኮንድሪያ በየትኛው ሴል ይገኛል ብሎ ቢመጣ፣ በተበላሸው ሰንጠረዥ ይወድቃል እንጂ አያልፍም።

መልስ 6። እዚህ ላይ ክሩ ጣፈጠ። ከኮምቦልቻ የጻፈችው የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናትና ወባ የየዕለት ሥራዋ ነው። የታማሚ ደም ስላይድ ላይ ቀብታ በጂምሳ ቀለም ስታቀልመው የሚታያትን ነገረችን። ቀይ የደም ሴሎቹ ፈዛዛ ክብ ናቸው፤ መሃላቸው ይበልጥ የሳሳ፣ ኒውክለስ የሌላቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ትንሽ ቀለበት አለች። የቀለበቷ አካል ሰማያዊ፣ ጫፏ ላይ ያለችው ነጥብ ደግሞ ቀይ ናት። ቀይዋ ነጥብ የወባው ተውሳክ ኒውክለስ ናት። እንግዲህ አስቡት፦ ቤት የሆነው የሰው ሴል ኒውክለስ የለውም፤ እንግዳ ሆኖ የገባው ግን አለው። ብዙ ሰው ወባን ከባክቴሪያ ጋር እንደሚደባልቅ፣ የወባው ተውሳክ ፕላዝሞዲየም ግን ባለ ኒውክለስ መሆኑን በዓይኗ እያየች እንደምትሠራ ጻፈች። የኔን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ ያስረዳችው እሷ ናት።

መልስ 7። የመጀመሪያዋ ተማሪ ተመለሰች። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ከሌለው በመምህሩ አባባል ከባክቴሪያ ወገን ሊሆን ነው ወይ አለች። ግሩም ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ባገኝ የዚያን ቀን ትምህርት ሁሉ ለእሱ እሰጥ ነበር።

መልስ 8። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ቀደመችኝ። አይደለም አለች። ሴሉ መቅኒ ውስጥ ሲያድግ ኒውክለስ ነበረው። ለሄሞግሎቢን ቦታ ለመልቀቅ ሲበስል አውጥቶ ይጥለዋል። ሚቶኮንድሪያውንም ያጣል። ለዚህም ነው ራሱን መጠገን አቅቶት 120 ቀን ያህል ኖሮ የሚወገደው። ባክቴሪያ ግን ከመጀመሪያውም ኒውክለስ ኖሮት አያውቅም፤ ያለ እሱ እያደገ ይባዛል። የዶሮ ደም ደግሞ ሌላ ነው፤ የወፍ ቀይ የደም ሴል ኒውክለሱን እንደያዘ ይኖራል። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ ቀብታችሁ ከሰው ጋር ብታነጻጽሩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል አለች።

እኔ የጨመርኩት የተክል ምሳሌ ነው። በተክል ውስጥ ስኳር የሚያስተላልፉት የፍሎኤም ቱቦ ሴሎችም ሲበስሉ ኒውክለሳቸውን ያጣሉ፤ አጠገባቸው ያለ አጋር ሴል ይረዳቸዋል።

መልስ 9 እና 10 ከመንገድ ወጡ። አንዱ የባቲ ገበያ ሰው ነኝ ብሎ የግመልን ደም አነሳ። የግመል ቀይ የደም ሴል ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ነግሮት ነበርና፣ ኒውክለስ ስላለው ነው ወይ ሲል ጠየቀ። የለውም። ሞላላ ነው እንጂ እንደ ማንኛውም አጥቢ ኒውክለስ አልባ ነው። ሌላው ደግሞ ከዚያ ተነስቶ የባቲን ሙቀት ከደሴ ብርድ ጋር ማወዳደር ጀመረ፤ ሐረጎን ሲወርዱ ጃኬት ማውለቅ፣ ሲወጡ መልበስ፣ ከዚያ የጦሳ ተራራ ጉም፣ ከዚያ የየከተማው ልጅ ለየከተማው። ጨዋታው ደስ ይል ነበር፤ እዚህ ግን አላሰፍረውም።

መልስ 11። ከፒያሳ ወደ ታች ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው፤ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። የልጃቸው ስልክ ላይ አንብበው መሆኑን ገልጸው፣ እርሾ እላይ ከተዘረዘሩት ከየትኛው ወገን ነው ሲሉ ጠየቁ። ተክል ነው እንዳይባል አይበቅልም፤ እንስሳ ነው እንዳይባል አይንቀሳቀስም። በደሴ ብርድ ሊጡ ሲዘገይባቸው ኮምቦልቻ ያለችው እህታቸው ጋ ግን ቶሎ እንደሚደርስ፣ ይህም ከዚሁ ነገር ጋር ይያያዝ እንደሆነም ጨመሩ።

መልስ 12 ላይ በሰፊው መለስኩላቸው፤ የሰንጠረዡን ጉድለት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ። እናቴ፣ ቡኮው ላይ የሚጠልለው እርሾ አንድ ነገር አይደለም፤ ሁለት ወገን ነው አብሮ የሚኖርበት። አንደኛው ወገን እርሾ የሚባለው ፈንገስ ነው። ኒውክለስ አለው፣ ሚቶኮንድሪያ አለው። ግድግዳም አለው፤ ግን እንደ ተክል ሴሉሎስ አይደለም፣ ካይቲን ያለበት ሌላ ግድግዳ ነው። ክሎሮፕላስት የለውም። ስለዚህ ግራም ዓምድ ቀኝም ዓምድ አይችሉትም። ሁለተኛው ወገን ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ነው፤ ኒውክለስ አልባ፣ ትንሽ፣ የእንጀራውን ኮምጣጣነት የሚሠራው። የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣው ጋዝ በአብዛኛው ከፈንገሱ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከባክቴሪያው። ሁለቱም ብርድ ሲሆን ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ የደሴ ሊጥ የሚዘገየው ለዚህ ነው። አብሲቱን ሲያበስሉት ደግሞ ውስጡ ያሉት ሴሎች ይሞታሉ፤ የበሰለው ስታርች ግን ሊጡ ውስጥ ለቀሩት ምቹ ምግብ ይሆናል።

እሳቸውም መርቀውኝ፣ አንድ ነገር አክለው ሄዱ። ሊጥ ከመጠን በላይ ሲኮመጥጥ ውሃውን ደጋግመው እንደሚቀይሩ። ይህ የአሲዱን መጠን መቀነስ ነው፤ ትክክል ነው።

መልስ 13። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ እንደሚሠራ የጻፈ ሰው ከእሳቸው ቀጠለ። በእነሱ ሥራ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። እርሾው እንዲኖር ይፈልጋሉ፤ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ግን ጠላታቸው ነው፣ ቢራውን ያኮመጥጠዋል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እርሾው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ጎኑ ላይ ልጁ ስታቆጠቁጥ ትታያለች። ባክቴሪያው አጠገቡ ቀጭን ጭረት ነው። የመጠን ልዩነቱን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ስላይድ የለም አለ። እኔም እስማማለሁ። ለመልስ 3 ጸሐፊም ይህ መልስ ይሆናል፦ ባክቴሪያን ብቻውን ማየት ቢያስቸግርም ከእርሾ ጎን ሲቀመጥ ተማሪው ልዩነቱን ያየዋል።

መልስ 14። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለእኔ ሐሳብ ድጋፍ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ እርሾ ያለ እነሱ መኖር የማይችላቸውን ከ400 በላይ ጂኖች አንድ በአንድ በተመሳሳዩ የሰው ጂን ተኩ። ግማሽ ያህሉ ሠሩ። የሰው ጂን የገባለት እርሾ በሕይወት ቀጠለ። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ከተለያየን በኋላ መሆኑ ነው! ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። የሽንኩርትና የእኛ ዝምድና እንዲሁ የቃል ነገር አይደለም።

ከ15 እስከ 17 ያሉት መልሶች ክሩን ሊያፈርሱት ነበር። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ለኑሮ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀና፣ እሱ ጉንፋን ሲይዘው አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ እንደሚድን፣ ኒውክለስ ምናምን ሳያውቅ እንደሚኖር ጻፈ። ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ደግሞ በመልስ 16 ወረደችበት። ቃሏ ስለታም ነበር፤ በእሱ ዓይነት ሰው ምክንያት መድኃኒት እየተለመደ ሕፃናት እንደሚሞቱ ነው የጻፈችው። እሱም በ17 ብሶበት መለሰ። ሁለቱንም አረጋግቼ ነው ክሩ የቀጠለው። በነገሩ ግን እሷ ልክ ናት፤ ምክንያቱም ራሱ የዚህ ክር ርዕስ ነው። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራውን። የእኛ ሴል ግድግዳ ስለሌለው አይነካንም። ጉንፋን ግን ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ሴል እንኳ አይደለም፣ ግድግዳም ራይቦሶምም የለውም። መድኃኒቱ የሚያፈርሰው ነገር እዚያ የለም። ሰውየው የዳነው ጉንፋን በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ነው። በሁለት ቀን የተቋረጠው ኪኒን ግን አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች አግኝቷቸዋል፤ ከመካከላቸው የመቋቋም አቅም ያላቸው ተርፈው ይባዛሉ። አቦ፣ እባካችሁ ይህን ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ።

መልስ 18። ፋርማሲስቷ ተረጋግታ ተመለሰችና ከሁሉም የበለጠ የወደድኩትን ጻፈች። ለትራኮማ የሚታደለው አዚትሮማይሲንና የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሁለቱም የሚሠሩት ራይቦሶም ላይ ነው። 70ኤሱን ይይዛሉ፤ ሳይቶፕላዝማችን ውስጥ ያለውን 80ኤስ ግን ይተዋሉ። በሰንጠረዥ ውስጥ እንደ ተራ ቁጥር የምናልፈው ልዩነት የሰው ዓይን የሚያድን ልዩነት ነው። ግን ቀጠለች፦ ሚቶኮንድሪያችን ውስጥ የራሱ የሆነ፣ የባክቴሪያ የሚመስል ራይቦሶም አለ። ክሎራምፌኒኮል የሚባለው መድኃኒት በመጠን ሲበዛ የሰውን መቅኒ የሚጎዳው ያንን ራይቦሶም ስለሚያውክ ነው።

መልስ 19 ከዚህ ተነስቶ የባዮሎጂ ተመራማሪዋን የሊን ማርጉሊስን ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሚቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ድሮ ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩ፣ ሌላ ሴል ውስጥ ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ብላ ተከራከረች። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ከደርዘን በላይ መጽሔቶች መልሰውባት ነበር። መልስ 20 ይህን ከእምነቱ አንጻር እንደማይቀበለው በጨዋ ቃል ጻፈ። መልስ 21 ግን ተሳለቀበት። እዚህ ላይ በመልስ 22 ጣልቃ ገባሁ። በወሎ የተለያየ እምነት ይዞ አብሮ መብላት ብርቅ አይደለም፤ መሳለቅ እዚህ ክር ውስጥ አይሠራም አልኩ። ቀጥዬም ማስረጃውን ብቻ አስቀመጥኩ። ሚቶኮንድሪያ የራሱ ቀለበት ዲኤንኤ አለው፤ በሰው 16,569 ጥንድ ፊደል፣ 37 ጂን። በሁለት ሽፋን የተከበበ ነው። ሴሉ አዲስ ሚቶኮንድሪያ ከባዶ መሥራት አይችልም፤ ነባሩ ለሁለት ሲከፈል ብቻ ነው የሚገኘው። ራይቦሶሙን ፋርማሲስቷ ነግራናለች። ማንም በራሱ ይመዝነው።

የ20ኛው መልስ ጸሐፊ በ23 ተመልሶ አመሰገነና፣ ይህ ለወባውም ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይሠራል፣ ያውም በሚገርም ሁኔታ። ፕላዝሞዲየም ውስጥ ከሚቶኮንድሪያው ሌላ አፒኮፕላስት የሚባል አካል አለ። ከአልጌ የመጣ የክሎሮፕላስት ቅሪት ነው፤ ብርሃን መጠቀም አቁሟል፣ ተውሳኩ ግን ያለ እሱ አይኖርም። ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ወባ ለመከላከል የሚሰጠው ይህንኑ አካል ስለሚያውክ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ይህን አንብባ፣ ነገ ስላይዱን የማይበት ዓይን ሌላ ነው ብላ ጻፈች።

መልስ 24 አራሚ ነው፤ ጠንከር ያለ። በአብዛኛው የምትሏት ቃል ብዙ ትሸፍናለች ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተገለጸው ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ የሚባል ባክቴሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ዲኤንኤውንም ሽፋን ባላቸው ከረጢቶች ውስጥ ይይዛል። በሌላ በኩል ሞኖሰርኮሞኖይደስ የሚባል ባለ ኒውክለስ ፍጥረት ደግሞ ምንም ሚቶኮንድሪያ እንደሌለው በ2016 ታወቀ። ስለዚህ መጠንም ሚቶኮንድሪያም ቁርጥ ያለ መለያ አይሆኑም። እኔ ይህን በደስታ ነው የተቀበልኩት። በአብዛኛው የምትለዋን ቃል የምወዳት ለእንዲህ ያለው ነገር ቦታ ስለምትተው ነው። ሰንጠረዥ ያቺ ቃል የለውም።

መልስ 25 ደግሞ ኒውክለስ አልባዎችን አንድ ወገን ማድረጌን ጠየቀ። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 አርኬያ የሚባሉትን ከባክቴሪያ ለይተው አውጥተዋል። በጣም ጨዋማ፣ በጣም ሞቃት ቦታ የሚኖሩ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ኒውክለስ የላቸውም፤ ግድግዳቸው ግን ፔፕቲዶግላይካን የለበትም፣ ጂናቸውን የሚያነቡበት ማሽነሪም ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ትክክል ነው። ስለዚህ ኒውክለስ የለውም የሚለው መልስ ሲመጣ ሁለተኛ ጥያቄ መከተል አለበት፦ ባክቴሪያ ነው ወይስ አርኬያ?

መልስ 26። የመጀመሪያዋ ተማሪ ይህን ሁሉ ለታናሽ ወንድሟ እንዴት እንዳስረዳችው ነገረችን። ባክቴሪያ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ምድጃውም አልጋውም ሰነዱም እዚያው። የእኛና የሽንኩርት ሴል ደግሞ መኝታው፣ ማድቤቱና መዝገብ ቤቱ በየራሱ በር የተለየ ቤት ነው። ልጁ ገብቶታል። እኔም ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

መልስ 27። የኮምቦልቻው አንጋፋ መምህር ተመለሱ። ክሩን እስከዚህ አንብበው አዲስ ሰንጠረዥ ሠርተው ለጠፉ። አምስት ዓምድ አለው፦ ባክቴሪያ፣ አርኬያ፣ ፈንገስ፣ ተክል፣ እንስሳ። የመጀመሪያው ረድፍ ኒውክለስ ነው። የግድግዳው ረድፍ ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል እንጂ አለ የለም አይልም። በክሎሮፕላስት ረድፍ ከተክል ዓምድ ስር በአንዳንድ ሴሎች ብቻ የሚል ጽፈዋል። እኔ አንድ ረድፍ ላይ ብቻ አስተያየት ሰጠሁ። ሴንትሪዮል (ሴል ሲከፈል የሚረዳ፣ የሴል ጅራትም የሚነሳበት ትንሽ አካል) በተክል የለም ይላል። በአበባ ተክሎች ልክ ነው። በሳረንስትና በፈርን ግን የወንዴ ዘር ሴላቸው ጅራት አለውና ሴንትሪዮል ይሠራል። እሳቸውም አስተካክለው መልሰው ለጠፉት፤ ፎቶው እዚሁ ክር ላይ አለ፣ ለተማሪዎቻችሁ አውርዱት።